ማብቂያ ያጣ ቀን፦ የማያቋርጥ የዲጂታል ግንኙነት የኮሌጅ ተማሪን ሕይወት እንዴት እየለወጠው ነው

ኮሌጅ መግባት ለብዙ ትውልድ መለየት ማለት ነበር። ወጣቱ ሻንጣውን ሸክፎ ከቤተሰቡና አብረውት ካደጉ ጓደኞቹ ተለይቶ ወደማያውቀው ግቢ ይገባል፤ የቤት ወሬ የሚደርሰው በደብዳቤ፣ ሲሻል ደግሞ በዶርሙ መተላለፊያ ላይ ወረፋ ተይዞ በሚደወልበት ስልክ ነው። በግቢው ውስጥም እያንዳንዱ ነገር የራሱ ማብቂያ ነበረው። መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ ሲወጣ ትምህርቱ ያበቃል፤ ቤተ መጻሕፍቱ መብራቱን ሲያጠፋ ጥናቱ ያበቃል፤ የጓደኛ በር ሲዘጋ ጨዋታው ያበቃል። ዛሬ እነዚህ ማብቂያዎች አንድ በአንድ ተነሥተዋል። መምህሩ ከክፍል ከወጣ በኋላ በመልእክት ይመለሳል፣ ቤተ መጻሕፍቱ ኪስ ውስጥ ገብቷል፣ የልጅነት ጓደኛ ከክፍል ጓደኛ እኩል ቅርብ ሆኗል፣ እናትም ልጇ በሰላም ማደሩን ሳትጠይቅ አትውልም።

ስለ ተማሪና ስለ ስልክ የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ ስልኩ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል በሚለው ጥያቄ ላይ ይቆማል። እኔ ግን ጥቅሙም ጉዳቱም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ይመስለኛል፤ ምንጩም የእነዚህ ማብቂያዎች መጥፋት ነው። ተማሪው በማንኛውም ሰዓት ሊገኝ የሚችል ሰው ሆኗል። በማንኛውም ሰዓት ሊገኝ የሚችል ሰው ደግሞ ብዙ ሳይቆይ በማንኛውም ሰዓት እንዲገኝ የሚጠበቅ ሰው ይሆናል። ይህ ግዴታ በየትኛውም የኮሌጅ ደንብ ላይ አልተጻፈም፤ ሆኖም ተማሪው ከሚያከብራቸው ደንቦች ሁሉ ጠንካራው እሱ ነው።

ከኮምፒውተር ክፍሉ ወደ ኪስ

ለውጡ ከውጭ መጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ላይ የወደቀ አይደለም፤ በአብዛኛው የተወለደው እዚያው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የኢንተርኔት መነሻ በሆነው በአርፓኔት መረብ ላይ የመጀመሪያው መልእክት የተላከው ኦክቶበር 29 ቀን 1969 በሎስ አንጀለስ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ ስታንፎርድ የምርምር ተቋም ሲሆን፣ ቁልፉን የመታው ሰው ተማሪ ነበር። «ሎግኢን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል መጻፍ ጀምሮ ሁለት ፊደል እንደላከ ሥርዓቱ ተቋረጠበት። ከ34 ዓመት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2004፣ ፌስቡክ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር እንዲሁ የተማሪ ሥራ ነበር። መጀመሪያ ለሃርቫርድ ተማሪዎች ብቻ አገልግሎ፣ ከዚያ ለሌሎች ኮሌጆች በየተራ እየተከፈተ ሄዶ፣ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው ሰው ሁሉ ክፍት የሆነው በሴፕቴምበር 2006 ነው። ዛሬ ዓለም የሚኖረውን ኑሮ ቀድመው የኖሩት የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው ማለት ይቻላል።

እስከዚያ ድረስ ግን መገናኘት ቦታና ሰዓት ነበረው። ተማሪው ኢሜይሉን ለማየት ወደ ኮምፒውተር ክፍል ይሄዳል፣ ተራውን ይጠብቃል፣ ይቀመጣል፣ ያነባል፣ ይመልሳል፣ ዘግቶ ይወጣል። «ኢንተርኔት ገባሁ» የሚለው አነጋገራችን ያንን ዘመን ይዞ ቀርቷል፤ ገባሁ የሚል ሰው መውጣቱ ያለ ነገር ነውና። አይፎን በ2007 ለገበያ ከቀረበና ተመሳሳይ ስልኮች በየተማሪው እጅ ከገቡ በኋላ ግን የሚገባበትም የሚወጣበትም በር ጠፋ። ተማሪው ተገናኝቶ ያድራል፣ ተገናኝቶ ይነሣል። በ2020 የዓለም ጤና ድርጅት የኮቪድ-19ን ወረርሽኝነት ባወጀ ጊዜ ደግሞ በብዙ ቦታ ትምህርት ራሱ ወደ ስክሪን ተዛወረ፤ በዩኔስኮ ግምት ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ቤትና ከኮሌጅ ውጭ ሆነው ነበር። በሮቹ ተመልሰው ሲከፈቱ በድንገተኛው ጊዜ የመጡት ልማዶች አብረው አልወጡም። የተቀዳው ሌክቸር፣ በኦንላይን የሚገባው አሳይመንት፣ የክፍሉ የመልእክት ግሩፕ፣ ሁሉም ቀሩ።

ክሩ ሲበጠስ

ከለውጦቹ ሁሉ ተማሪውን በቀጥታ የሚነካው በትኩረት ላይ የደረሰው ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ለጥናት የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እናስብ። ፊቷ ያለው የ20 ገጽ ጽሑፍ ነው፤ አራተኛው ገጽ ላይ ደርሳለች። ጸሐፊው በመጀመሪያው ገጽ አንድ ጥያቄ አንሥቶ፣ በሁለተኛው ሌሎች የሰጡትን መልስ ዘርዝሮ፣ በሦስተኛው መልሱ ለምን እንደማያጠግበው አስረድቶ፣ አሁን የራሱን ሐሳብ ሊያስገባ ነው። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ብልጭ አለ። የክፍሉ ግሩፕ ውስጥ አንድ ልጅ «የነገው ፈተና የቱ ክፍል ነው?» ብሎ ጠይቋል። መልሱን ታውቀዋለች፤ ጓደኛዋም ነው፤ የክፍሉን ቁጥር ጽፋ ስልኩን መለሰችው። 15 ሰከንድ አልፈጀባትም። ወደ ጽሑፉ ስትመለስ ግን ዓይኗ መስመሩን ቢያገኘውም ጸሐፊው ምን ሊል እንደነበር ጠፍቶባታል። አንቀጹን ደገመችው። አልያዘላትም፤ ወደ ሦስተኛው ገጽ ተመለሰች። ሁለተኛ ስትጀምር ጓደኛዋ ምስጋናውን ላከ፤ ከምስጋናው ሥር ደግሞ ሌላ ልጅ ፈተናው ከየትኛው ምዕራፍ እንደሚጀምር ጠየቀ።

ስልኩ የወሰደባት 15 ሰከንድ ነው፤ የተበጠሰባት ግን የአራት ገጽ ክር ነው። ምክንያቱ ሰው አንድን ከባድ ሐሳብ ሲከታተል አእምሮው የሚሠራበት መንገድ ነው። ያለፉትን እርምጃዎች ለጊዜው ይዞ የሚያቆያቸው የአእምሮ ክፍል፣ ማለትም የሥራ ላይ ትውስታ የሚባለው፣ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ነገር ብቻ ነው። አዲስ ጉዳይ ሲገባ ከነበሩት አንዱ ይወጣል። ተመራማሪዋ ሶፊ ለሮይ በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንዳሳየችው፣ ሰው አንድ ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላ ሲዛወር የሐሳቡ ከፊል በተወው ሥራ ላይ ይቀራል፤ አዲሱን ሥራ የሚሠራው በቀረው ሐሳቡ ብቻ ነው። እሷ ይህን «የትኩረት ቅሪት» ትለዋለች። አባቶች ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ሲሉ ነገሩን ቀድመው ያዩት ይመስለኛል። ብዙ ተማሪ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እንደሚሠራ ቢያምንም፣ ሁለቱም ማሰብን የሚጠይቁ ከሆኑ የሚያደርገው ከአንዱ ወደ ሌላው በፍጥነት መመላለስ ነው፤ በየምልልሱም የሚከፍለው አለው።

መልእክቱን አለመመለስም ቢሆን ዕረፍት አይሰጥም። ዋትስአፕ በ2014 መልእክቱ እንደተነበበ የሚያሳየውን ሰማያዊ ምልክት ካመጣ ወዲህ፣ በሌሎች መተግበሪያዎች ላይም ተመሳሳይ ምልክት ስላለ፣ ዝምታ ትርጉም አገኘ። ቀድሞ ዝም ያለ ሰው መልእክቱ አልደረሰው ይሆናል ተብሎ ይታለፍ ነበር፤ አሁን «አይታ ዝም አለች» ይባላል። ስለዚህ ተማሪዋ ስልኩን ገልብጣ ብታስቀምጠውም ያልመለሰችው ሰው አብሯት ይቀመጣል።

በክፍል ውስጥ የሚሆነውን ደግሞ በካናዳ የማክማስተርና የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 መርምረውታል። ለተማሪዎች አንድ ሌክቸር ሰጥተው፣ ከፊሎቹ በላፕቶፓቸው ላይ በየመካከሉ ሌላ ሥራ እንዲሠሩ አደረጉ። እነዚህ ተማሪዎች በፈተናው ላይ ካልተዘናጉት በ11 በመቶ ዝቅ አሉ። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ግኝት ነው፦ ራሳቸው በወረቀትና በብዕር ብቻ እየጻፉ፣ ነገር ግን የሚዘናጋ ሰው ስክሪን ከፊታቸው ይታያቸው የነበሩት ተማሪዎች ዝቅ ያሉት በ17 በመቶ ነበር። ከፊት ወንበር የተቀመጠ ተማሪ ላፕቶፑ ላይ ቪዲዮ ሲከፍት የሚከፍለው እሱ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚም የኢኮኖሚክስ ትምህርት ምድቦች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ኮምፒውተር የተፈቀደባቸው ክፍሎች በማጠቃለያ ፈተናው ኮምፒውተር ከተከለከለባቸው ያነሰ ውጤት አምጥተዋል፤ ይህም የሆነው ውጤት የወደፊት ምደባቸውን በሚወስንበትና ዲሲፕሊን በጠበቀበት ግቢ ውስጥ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን መጨመር አለብኝ። በ2017 የወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት ስልክ ባይነካ እንኳ ጠረጴዛ ላይ መኖሩ ብቻ የማሰብ አቅምን እንደሚቀንስ፣ ከሁሉ የተሻለ ውጤት ያመጡትም ስልካቸውን ሌላ ክፍል የተዉት እንደሆኑ ዘግቦ ነበር። ጥናቱ በየቦታው ሲጠቀስ ይሰማል፤ ይሁን እንጂ በኋላ የደገሙት ተመራማሪዎች ሁሉ ያንኑ ውጤት አላገኙም። ስለዚህ ስልክ መንካትና መመላለስ እንደሚጎዳ ያለው ማስረጃ ጠንካራ ነው፤ በአጠገብ መኖሩ ብቻ ይጎዳል የሚለው ግን ገና ያከራክራል።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ችግሩ የተማሪው የፈቃድ ድክመት ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይመስለኝም። ኸርበርት ሳይመን የተባለው የኢኮኖሚክስ የኖቤል ተሸላሚ ገና በ1971፣ መረጃ ሲበዛ ትኩረት እንደሚያጥር ጽፎ ነበር፤ መረጃ የሚበላው የተቀባዩን ትኩረት ነውና። ዛሬ ትልልቆቹ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ገቢያቸው ማስታወቂያ ስለሆነ፣ ተጠቃሚው በቆየ ቁጥር ያተርፋሉ። ገጹ ወደ ታች በተሳበ ቁጥር የማያልቀው፣ ቪዲዮው ሲያበቃ ሌላው በራሱ የሚጀምረው፣ ማሳወቂያው በቀይ ነጥብ የሚመጣው በአጋጣሚ አይደለም። ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ አለው፤ ይህ የለውም። በአንድ በኩል ብዙ መሐንዲሶች ማብቂያውን ለማጥፋት ደመወዝ ይከፈላቸዋል፣ በሌላ በኩል የ19 ዓመት ልጅ ነገ ፈተና አለበት።

ግሩፑ

የክፍል ግሩፕ ዛሬ ከመማሪያ ክፍሉ ያላነሰ የኮሌጅ ተቋም ሆኗል። ማንም አላቋቋመውም፤ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ንቁ ተማሪ ይከፍተዋል፣ በሁለተኛው ሳምንት እዚያ ያልገባ ሰው የክፍል ለውጥ አይሰማም፣ ማስታወሻ አያገኝም፣ ለቡድን ሥራ አይመረጥም። ጥሩነቱን አቅልዬ ማየት አልፈልግም። በክፍል እጁን ማውጣት የሚፈራ ተማሪ እዚያ ይጠይቃል። ታሞ የቀረ ተማሪ የዕለቱን ማስታወሻ በፎቶ ያገኛል። መስማት ለሚቸግረው ተማሪ ከጽሑፉ ጋር የሚመጣ የተቀዳ ሌክቸር፣ ልጅ ለሚያሳድግ ወይም ማታ ለሚሠራ ተማሪ ደግሞ በፈለገበት ሰዓት የሚከፈት ትምህርት፣ ኮሌጅን ከማይቻል ወደሚቻል የሚያሻግር ነገር ነው። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ2001 የኮርሶቹን ማስተማሪያ ለዓለም ሁሉ በነጻ ኢንተርኔት ላይ እንደሚያወጣ ሲያስታውቅ ብዙዎች ተጠራጥረው ነበር፤ ዛሬ የራሱ መምህር ያላስረዳውን ርዕስ ከሌላ አገር መምህር ቪዲዮ የማይከታተል ተማሪ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ዋጋው የሚታየው ግን መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ መድረስ ሲጀምር ነው። አንድ የሒሳብ ጥያቄ ቀድሞ ለአንድ ሌሊት ያስጨንቅ ነበር፤ ተማሪው ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ ሰርዞ ይጀምራል፣ ተስፋ ቆርጦ ይተኛል፣ ጠዋት ሲነቃ መንገዱ ይታየዋል። አሁን ጥያቄው በወጣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ የተሠራው መልስ በፎቶ ግሩፑ ውስጥ አለ። መልሱን አይቶ መረዳትና ራስ ፈልጎ ማግኘት ለጊዜው አንድ ይመስላሉ፤ ልዩነቱ የሚወጣው ከሳምንት በኋላ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ በ2006 ባሳተሙት ሙከራ ከፊሎቹ ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ ደጋግመው እንዲያነቡ፣ ሌሎቹ ደግሞ አንድ ጊዜ አንብበው ያስታወሱትን እንዲጽፉ አደረጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ከጭንቅላታቸው ለማውጣት የታገሉት ብዙውን ይዘው ተገኙ። ትምህርትን የሚያስቀረው ትግሉ ራሱ ነው ማለት ነው፤ ግሩፑ ደግሞ በቅን ልብ፣ ለመረዳዳት ሲል፣ ያንን ትግል ያሳጥረዋል።

በኖቬምበር 2022 ቻትጂፒቲ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ይኸው ነገር ይበልጥ ፈጥኗል። መልስ ለማግኘት ጓደኛ እስኪነቃ እንኳ መጠበቅ ቀርቷል። ያልገባውን ነጥብ በሦስት ዓይነት መንገድ እንዲያስረዳው የሚጠይቅ ተማሪ ትዕግሥተኛ አስጠኚ አግኝቷል፤ ጽሑፉን አስጽፎ ስሙን የሚያስገባ ግን ሊማርበት የተሰጠውን ሥራ ለሌላ አሳልፎ ሰጥቷል። አሳሳቢው በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መሆኑና፣ ውሳኔው የሚደረገው ተማሪው በደከመበት የሌሊት ሰዓት መሆኑ ነው።

ቤት አብሮ ሲመጣ

ከቤት መራቅ ከኮሌጅ ትምህርቶች አንዱ ነበር፤ በካታሎግ ላይ አይጻፍም እንጂ። ልብስ ሳይታጠብ ሲቀር፣ ገንዘብ ከወሩ ቀድሞ ሲያልቅ፣ የዶርም ጓደኛ ሲያስቸግር ወጣቱ መጀመሪያ ራሱ ያስብበታል፤ ለቤቱ የሚነግረው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። በአሜሪካ ሚድልበሪ ኮሌጅ የሥነ ልቦና መምህርት የነበረችው ባርባራ ሆፈር፣ ገና በ2000ዎቹ ዓመታት፣ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው በሳምንት በአማካይ ከ13 ጊዜ በላይ እንደሚገናኙ አግኝታለች። በቀን ወደ ሁለት ጊዜ መሆኑ ነው፤ ከዛሬው የቪዲዮ ጥሪና የቤተሰብ ግሩፕ በፊት የነበረ ቁጥር ነው።

ወላጅን በዚህ መውቀስ አይገባም፤ ልጁ የናፈቀው ሰው ድምፁን ለመስማት መፈለጉ ተፈጥሮ ነው፣ በአዲስ ግቢ ብቸኝነት ለከበደው ልጅም የእናት ድምፅ መድኃኒት ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው የንግግሩ ይዘት ነው። ወላጅ የልጁን የቀን ውሎ የሚሰማ ከሆነ ቅርበት ነው። ወላጅ የአሳይመንቱን ቀን የሚያስታውስ፣ ጽሑፉን የሚያርም፣ ከመምህሩ ጋር በተፈጠረ አለመግባባት ምን ብሎ እንደሚጽፍ ቃል በቃል የሚነግር ከሆነ ግን ልጁ ግቢ ቢገባም ከቤት አልወጣም። ሆፈርም ብዙ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ተማሪዎች ራሳቸውን በመምራት ረገድ ደካሞች ሆነው እንዳገኘቻቸው ገልጻለች። የቀድሞው ጓደኛም እንደዚሁ ነው። ከዶርም ጓደኞቹ ጋር ገና ያልተላመደ ተማሪ ማታ ማታ ከድሮ ጓደኞቹ ጋር ሲያወራ ያመሻል፤ ብቸኝነቱ ለዚያ ምሽት ይቀልለታል፣ የጎረቤቱን በር የሚያንኳኳበት ምክንያት ግን አብሮ ይጠፋል።

የሌላው ሰው ምሽት

ማኅበራዊ ሚዲያ ተማሪን ያስጨንቃል ወይስ የተጨነቀ ተማሪ ነው ማኅበራዊ ሚዲያ የሚያበዛው? ይህን መለየት አስቸጋሪ ነው፤ ነገር ግን የፌስቡክ አጀማመር ራሱ ለተመራማሪዎች ያልታሰበ ዕድል ሰጥቷቸዋል። ከላይ እንዳልኩት ፌስቡክ ለኮሌጆች የተከፈተው በአንድ ቀን ሳይሆን በየተራ ነው። ስለዚህ ሉካ ብራጊየሪ፣ ሮኤ ሌቪና አሌክሲ ማካሪን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ775 ኮሌጆች ፌስቡክ የገባበትን ቀን አሰባስበው፣ ቀድሞውኑ በየጊዜው ይደረግ ከነበረ የተማሪዎች የጤና ጥናት ጋር አስተያዩት። በ2022 ባሳተሙት ውጤት መሠረት፣ ፌስቡክ በገባበት ኮሌጅ የተማሪዎች የአእምሮ ጤና፣ በተለይም ድብርትን በተመለከተ፣ ተባብሷል፤ የአእምሮ ጤንነታቸው ትምህርታቸውን እንደጎዳባቸው የሚናገሩትም በዝተዋል። ተመራማሪዎቹ ዋና ምክንያት ያሉት ራስን ከሌሎች ጋር ማነጻጸርን ነው።

ይህ ለምን በኮሌጅ እንደሚከፋ መገመት አያዳግትም። ዶርም ውስጥ ብቻውን የቀረ ተማሪ ቀድሞ ሌሎቹ የት እንዳሉ አያውቅም፤ ምናልባት እነሱም ብቻቸውን ተቀምጠዋል ብሎ ይጽናናል፣ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። አሁን ግን የክፍል ጓደኞቹ አንድ ላይ ተሰባስበው ሲስቁ የሚያሳየው ፎቶ ያው በዚያው ሰዓት ይደርሰዋል። በፎቶው ውስጥ ካሉት አንዷ ቀኑን ሙሉ ስታለቅስ መዋሏ በፎቶው ላይ አይታይም።

ሌላውን ገጽ መዝለልም አይገባም። በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኒኮል ኤሊሰንና ባልደረቦቿ በ2007 እንዳሳዩት፣ ፌስቡክን አዘውትረው የሚጠቀሙ ተማሪዎች ብዙ ሰው የሚያውቁና ከግቢው ማኅበረሰብ ጋር የተሳሰሩ ነበሩ፤ ጥቅሙም ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ባላቸው ተማሪዎች ላይ ጎልቶ ታይቷል። ሁለቱ ጥናቶች እርስ በርስ የሚጣሉ አይመስለኝም። መተዋወቅን ማስፋትና ራስን ማነጻጸር በአንድ ገጽ ላይ በአንድ ምሽት ሊሆኑ ይችላሉ።

እንቅልፍን በአጭሩ ልንካው። በ2015 የወጣ፣ በ12 ሰዎች ላይ የተደረገ ትንሽ ግን ጥንቃቄ የበዛበት ጥናት፣ ከመተኛት በፊት በብርሃናማ ስክሪን ላይ ያነበቡ ሰዎች በወረቀት ሲያነቡ ከነበረው ወደ አሥር ደቂቃ ያህል ዘግይተው እንደሚያንቀላፉና ጠዋት ላይ ንቃታቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል። አሥር ደቂቃ ብዙ አይደለም። የተማሪውን እንቅልፍ በይበልጥ የሚበላው ከብርሃኑ ይልቅ «አንድ ብቻ» እየተባለ የሚቀጥለው ቪዲዮና የማይቆመው ጨዋታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኮሌጁ ራሱ

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ተማሪው፣ ስለ ወላጁና ስለ ኩባንያዎቹ ነው፤ ኮሌጁ ግን ከደሙ ንጹሕ አይደለም። አሳይመንት በወረቀት ይገባ በነበረበት ዘመን ቀነ ገደቡ የመምህሩ ቢሮ የሚዘጋበት ሰዓት ነበር። ኦንላይን ሲሆን ቀነ ገደቡ ለእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ወደሚቀረው ሰዓት ሄደ። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ለተማሪው ጥቂት ሰዓት የጨመሩለት መስሏቸው ነው። ውጤቱ ግን ምሽቱ በሙሉ የሥራ ሰዓት መሆኑ ነው። አንድ ተማሪ አምስት ኮርስ ሲወስድ ከአምስት መምህራን ማስታወቂያ ይመጣለታል፤ አንዱ በኢሜይል፣ አንዱ በኮሌጁ የትምህርት መድረክ፣ አንዱ በቴሌግራም፣ ቅዳሜም እሑድም። እያንዳንዱ መምህር አንድ መልእክት ብቻ የላከ ይመስለዋል። መምህሩም ቢሆን በዚያው መረብ ተይዟል፤ ሌሊት የተላከ ጥያቄ ጠዋት «እስካሁን አልመለሱልኝም» በሚል ሁለተኛ መልእክት ታጅቦ ይጠብቀዋል።

ከዚህም አልፎ ግንኙነቱ ለቁጥጥር ይውላል። የትምህርት መድረኮቹ ተማሪው መቼ እንደገባ፣ የትኛውን ጽሑፍ እንደከፈተ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ይመዘግባሉ። በፈተና ጊዜ ደግሞ አንዳንድ ኮሌጆች ተማሪው በካሜራው ክፍሉን እያዞረ እንዲያሳይ ይጠይቃሉ። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የሚገኘው የክሊቭላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ መኝታ ክፍሉ በዚህ መልክ መታየቱን ተቃውሞ ከስሶ፣ የፌዴራል ዳኛ በኦገስት 2022 አሠራሩ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ያለ ምክንያት ከመፈተሽ የሚሰጠውን ጥበቃ እንደጣሰ ወስነዋል። የኮሌጅ በር እንዳይዘጋ ሆኖ ሲከፈት የተማሪው መኝታ ቤት በርም አብሮ መከፈቱን ጉዳዩ ያሳያል።

መገናኘት እንደ ተራ ነገር ሲቆጠር ደግሞ ያልተገናኘው ይጎዳል። ዳታ ያለቀበት፣ ስልኩ የተሰበረበት ወይም መረብ በማይደርስበት ቦታ ዕረፍቱን የሚያሳልፍ ተማሪ ቀድሞ እንደማንኛውም ተማሪ ነበር፤ አሁን ግን ቀነ ገደብ ያልፈዋል፣ የተለወጠ የፈተና ቦታ አይሰማም፣ ሰነፍም ይመስላል።

ማብቂያን መልሶ ማበጀት

ስልክን ጨርሶ መጣል ምክር አይደለም፤ ግሩፑ የሌለው ተማሪ ምን እንደሚያጣ አይተናል። በ2019 የታተመ አንድ ሙከራ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ማሳወቂያዎች እንደመጡ ወዲያው ከመድረስ ይልቅ ተሰብስበው በቀን ሦስት ጊዜ የደረሷቸው ሰዎች ትኩረታቸውና ስሜታቸው ተሻሽሏል፤ ጨርሶ ማሳወቂያ የተከለከሉት ግን ያን ያህል አልተጠቀሙም፣ እንዲያውም የሆነ ነገር አመለጠኝ የሚለው ጭንቀታቸው ጨምሯል። ለተማሪ ይህ ማለት ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ስልኩን ሌላ ክፍል ትቶ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማየት ነው። ለሁለት ሰዓት ዝም ያለ ሰው ላይ የሚቀየም ጓደኛ ካለም፣ አስቀድሞ መንገር ቅያሜውን ያስቀረዋል።

ሆኖም አንድ ሰው ብቻውን ዝም ቢል ግሩፑ አይጠብቀውም፤ ስለዚህ ስምምነቱ የጋራ መሆን አለበት። የክፍል ተወካይ ከመምህሩ ጋር ተነጋግሮ ማስታወቂያ ሁሉ በአንድ ቦታ፣ በቀን አንድ ጊዜ እንዲወጣ ማድረግ ይችላል። መምህሩ ሌሊት ያሰበውን መልእክት ሌሊት ጽፎ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንዲደርስ በቴሌግራምም በኢሜይልም ቀጠሮ ሊያስይዘው ይችላል፤ በቴሌግራም የመላኪያውን ምልክት ትንሽ ጊዜ ጫን አድርጎ ማቆየት ብቻ ይበቃዋል፣ በብዙ የኢሜይል መተግበሪያዎች ደግሞ ምርጫው በመላኪያው አካባቢ ባለው ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። ኮሌጁም ቀነ ገደቡን ከእኩለ ሌሊት አንሥቶ ወደ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ቢመልሰው የሚያስከፍለው ገንዘብ የለም፤ አስተዳዳሪው በመድረኩ ላይ የሚለውጠው አንድ ቁጥር ነው። የ20 ገጹን ጽሑፍ የያዘችው ተማሪ ያን ምሽት አራተኛውን ገጽ አልፋ አምስተኛው ላይ ትደርሳለች።